መጻሕፍቱ ከጆንያ ይውጡ፤ ውሰቱም ይመለስ፦ ለክፍለ ከተማችን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በክፍለ ከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ሥራ ለምትመሩ ክቡራን ኃላፊዎች

አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተቋረጠውን የመጻሕፍት ውሰት፣ የተዘጋውን የሥነ ጽሑፍ ክፍልና የታጠፈውን የአገልግሎት ሰዓት ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቤተ መጻሕፍታችሁ ለዓመታት ስንገለገል የኖርንና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ባነበብነው መጽሐፍ ላይ የምንወያይ አንባብያን ነን። በመካከላችን ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ባለፈው መስከረም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የተለጠፈው አንድ ገጽ ወረቀት የውሰት አገልግሎቱ እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ መቋረጡን፣ የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ለተፈታኝ ተማሪዎች ማጥኛ መደረጉንና እሑድም ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ እንደሚሆን አስታወቀን። ተጨማሪ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አልወጣም። በቃል ጠየቅን፤ በጽሑፍም አመለከትን፤ ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ቢሰጠውም መልስ የሚሰጠን አካል አላገኘንም። ጉዳዩ የእኛ የጥቂቶች ብቻ ስላልሆነ ቅሬታችንን በግልጽ ለማቅረብ ተገደናል።

ዋነኛው ቅሬታችን የውሰቱ መቋረጥ ነው። መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ለአንዳንድ ሰው ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፤ አዳራሹ ክፍት እስከሆነ ድረስ መጥቶ ቢያነብስ ምን አለበት የሚል አስተያየትም ከሠራተኞቻችሁ ሰምተናል። መጥቶ ማንበብ የማይችለው ግን ማን እንደሆነ እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዱ በአንድ ድርጅት የሌሊት ጥበቃ ነው። ቀን ይተኛል፤ ማታ በር ላይ ባለችው መብራት ሥር ያነባል። ረዘም ያለ ልብ ወለድ ሲይዝ በየሌሊቱ ምዕራፍ ምዕራፍ እየጨረሰ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ከሁላችን በላይ የገጸ ባሕርያቱን ስም አንድ ሳያዛንፍ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። ለዚህ ሰው ቤተ መጻሕፍት ማለት የውሰት መስኮቱ ነበር። አሁን ከጓደኞቹ በተራ የሚደርሰውን መጽሐፍ ይጠብቃል፤ ከመስከረም ወዲህ እጁ የገባውም ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ የሁለት ሕፃናት እናት ናት፤ የማንበቢያ ሰዓቷ ልጆቿ ከተኙ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ሦስተኛው ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት ስለማይችልላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው አዳራሽ መድረስ አይሆንላቸውም። ምድር ቤት ከነበረው የውሰት መስኮት የልጅ ልጃቸው መጽሐፍ እየወሰደችላቸው፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ በር ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች አዳራሹ ክፍት መሆኑ ብቻውን ምንም አይፈይድላቸውም።

ገዝታችሁ አንብቡ የሚለንም አለ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አንድ አዲስ ልብ ወለድ በ30 እና በ40 ብር እንገዛ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ዛሬ አዲስ የሚወጣ መጽሐፍ በብዙ መቶ ብር ነው የሚሸጠው። አሳታሚዎቹን አንወቅስም። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ በዶላር ይገባል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የማሳተሚያው ዋጋ ደራሲውንም አንባቢውንም አስጨንቋል። በየመንገዱ መጽሐፍ የሚያከራዩ ልጆች በነበሩበት ጊዜ ጥቂት ብር ማስያዣ አስይዞ፣ ለአዳር ትንሽ ከፍሎ ማንበብ ይቻል ነበር፤ እነርሱም ከብዙ ሰፈር ጠፍተዋል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ስንጠይቅም የቆየ እትም ከአዲሱ በላይ የሚወደድበት ጊዜ አለ። ደመወዝተኛው አንባቢ እንግዲህ ወዴት ይሂድ? የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ እናንተ ግን ውሰቱን ያቆማችሁት በዚሁ ጊዜ ነው።

ለውሰቱ መቋረጥ በቃል የተነገረን ምክንያት የተዋሱ መጻሕፍት አለመመለሳቸው ነው። ይህ ችግር እንዳለ አንክድም፤ የማይመልስ ሰው እኛንም ይጎዳል፤ የምንጠብቀውን መጽሐፍ ይዞ የቀረ እርሱ ነውና። ነገር ግን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከድሮም ነበራችሁ። ተዋሹ የነዋሪነት መታወቂያውን ያቀርባል፤ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠራል፤ ማስያዣ ያስይዛል፤ ካዘገየ ይቀጣል፤ ከጠፋበት ይተካል ወይም በወቅቱ ዋጋ ይከፍላል። የጠፋው መጽሐፍ ስንት እንደሆነ፣ ከእነዚያ ውስጥ ዋሱ የተጠየቀበት ስንቱ እንደሆነ አሳዩን ብለን ብንጠይቅ የሚያሳየን አላገኘንም። ያልመለሰውን ፈልጎ መጠየቅ ሲገባ በሰዓቱ ሲመልስ የኖረውን ሁሉ መከልከል ፍትሐዊ አይደለም። በዚህ ላይ ያስያዝነው ገንዘብ እስካሁን በእናንተ ዘንድ ነው፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ማስያዣው ለምን እንዳልተመለሰ የነገረን የለም።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ክፍሉ እንምጣ። ክፍሉ ለተፈታኞች የተሰጠው የተማሪዎች ውጤት ስላሽቆለቆለ ነው ተብሏል። ውጤቱ እኛንም ያሳስበናል፤ ወላጆችም መምህራንም ነን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ እንደሆኑ ሰምተን ያልደነገጠ የለም። ጥያቄያችን ለተማሪው ቦታ አይሰጠው የሚል አይደለም። ቦታ የተፈለገው ስለምን ከልብ ወለዱ፣ ከግጥሙና ከተውኔቱ መደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ነው? ምድር ቤት ያለው የስብሰባ አዳራሽ ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ይውላል፤ ወንበርና መብራትም አለው። በመካከላችን ያሉት የቋንቋ መምህራን በየዓመቱ የሚያዩትን ይናገራሉ፤ ተማሪው የምንባብ ጥያቄ ላይ የሚወድቀው ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ ስለማያውቅ ነው፤ ሁለት ገጽ ሳይጨርስ ይሰለቻል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። የሒሳብ ጥያቄውን እንኳ ስሌቱን እያወቀ በትክክል አንብቦ ባለመረዳቱ የሚስት ተማሪ ብዙ ነው። ቀድሞ ለጥናት የሚመጣ ልጅ ሲደክመው ተነሥቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይዘዋወር ነበር፤ አንድ ተረት ወይም አንድ የጉዞ ታሪክ ስቦ አውጥቶ ቆሞ ሲያነብ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ የዛሬዎቹ የክበባችን ወጣቶችም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። አሁን ያ ልጅ ሲደክመው የሚያየው ባዶ ግድግዳና የራሱን ስልክ ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ግን ከክፍሉ የወጡት መጻሕፍት የደረሰባቸው ነገር ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልተው፣ አፋቸው በሲባጎ ታስሮ፣ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ተደራርበዋል። የውሃ ቧንቧው በዚያ በኩል ያልፋል፤ ክረምት ላይ ግድግዳው ሲያልብ በዓይናችን አይተናል፤ ከታች ያሉት ጆንያዎች ወለሉን የነካው በኩላቸው ጠቁሯል። አንዲት የክበባችን አባል በሠራተኛ ፈቃድ አንዱን ጆንያ ፈትታ ስታይ፣ ጥራዙ የለቀቀ፣ ገጹ እርስ በርሱ የተጣበቀና የምሥጥ ዱካ ያለበት መጽሐፍ አገኘች። በጀርባው ሽፋን ውስጥ የተለጠፈችው የመመለሻ ቀን ወረቀት ግን አልጠፋችም፤ በሐምራዊ ቀለም የተመቱት ቀኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሦስት ዐምድ ተደርድረው ወረቀቷን ሞልተዋታል፤ ቦታ ሲያልቅ ከሥሯ ሌላ ወረቀት ተቀጥሎላታል። አንድ ቅጂ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ የሚናገር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

በእነዚያ ጆንያዎች ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ኃላፊዎቻችን ያውቁት እንደሆነ እንጠራጠራለን። በደርግ ዘመን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጡ ልብ ወለዶችና የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች አሉ፤ በሞስኮ ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ታትመው የመጡ ትርጉሞች አሉ፤ ከአብዮቱ በፊት የታተሙ ተውኔቶችም አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደገና አልታተሙም፤ አንዳንዱ የታተመበት ወረቀት የጋዜጣ ወረቀት በመሆኑ እርጥበት ሲነካው ቶሎ ይበሰብሳል። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ ውስጥ ቅጂው አለ የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991ም መሠረት በአገር ውስጥ ከሚታተመው ሁሉ ቅጂ ገቢ የሚደረግለት ይህ ተቋም፣ ዋና ሥራው ለመጪው ትውልድ ማቆየት ነው፤ መጽሐፉን ለሰፈር ሰው አያውስም፤ ሊያውስም አይገባውም። የማዋሱ ሥራ የእናንተ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈትም ተደስተናል፤ ነገር ግን ከሥራ በ11 ሰዓት ተኩል የሚወጣ ሰው ታክሲ ተሰልፎ እዚያ እስኪደርስ ምሽቱ ያልቃል፤ የሰፈር ቤተ መጻሕፍትን የሚተካ ትልቅ ሕንፃ የለም።

ብዙዎቻችን የንባብ ፍቅር ያደረብን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ ከነበረው «ከመጻሕፍት ዓለም» ከተሰኘው ዝግጅት ነው። የሚተረከው ታሪክ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሆን ለመስማት መታገሥ አቅቶን መጽሐፉን ፍለጋ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት የመጣን ሰዎች እስከ ዛሬ በክበቡ አለን። ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ የነበሩት ሠራተኛ ያነበብነውን ጠይቀው ቀጥሎ የሚሆነንን የሚመርጡ ነበሩ። ዛሬ ባሉት ሠራተኞችም ላይ ቅሬታ የለንም፤ ውሳኔው የእነርሱ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጆንያውንም ሲያስሩ ደስ ብሏቸው እንዳላሰሩት ፊታቸው ይናገር ነበር።

ከጆንያዎቹ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። ክበባችን ከአባላቱና ከጎረቤት አሰባስቦ ለቤተ መጻሕፍቱ በስጦታ ያስረከባቸው መጻሕፍት በሞዴል 19 ገቢ ተደርገዋል፤ የደረሰኙ ቅጂ በእጃችን ይገኛል። እነዚያም ከሌሎቹ ጋር ጆንያ ውስጥ ናቸው ተብለናል። ይሁን እንጂ አንድ አባላችን በአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ያለበት፣ ተወግዷል የሚል ምልክት ግን ያልተደረገበት መጽሐፍ አግኝቶ ገዝቶታል። ማንንም በስርቆት አንከስስም፤ ከዓመታት በፊት ተውሶ ያልመለሰው ሰው ሸጦት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሞዴል 22 ወጪ የተደረገና በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ የታየ ነገር መኖር አለመኖሩን የማወቅ መብት አለን። በኪሎ ተመዝኖ ለመጠቅለያ የሚሸጥ አሮጌ ወረቀት በየሱቁ በሚታይበት ከተማ ውስጥ ቆጠራ ያልተደረገበት ጆንያ እንቅልፍ ይነሣናል።

የአገልግሎት ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀድሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት የነበረው አሁን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በምሳ ሰዓትም አንባቢ ተነሥቶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ እሑድ ጭራሽ የለም። ሥራ ያለው ሰው መቼ ይምጣ? የራስን መጽሐፍ ይዞ መግባት የሚከለክለው አዲሱ መመሪያም ከውሰቱ መቋረጥ ጋር ሲደመር አንባቢን ሙሉ በሙሉ የሚያስወጣ ነው፤ የእናንተ ጆንያ ውስጥ፣ የእኛ ደግሞ በር ላይ ከቀረ በንባብ አዳራሹ ውስጥ የሚነበበው ምን እንደሆነ አልገባንም። ለፍተሻ ከሆነ በመግቢያው ላይ ማስመዝገብ በቂ ነው፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ዓይነ ስውራን አንባብያን የደረሰባቸውን ግን በአጭሩ ማለፍ አንችልም። ከሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ጎን የነበረችው ጠባብ ክፍል፣ ማየት ለተሳናቸው አንባብያን ድምፅ አውጥተን የምናነብባት ነበረች። ሕግ ተምሮ የተመረቀና በክበባችን ውስጥ የሚሳተፍ አንድ ወጣት ሐሙስ ማታ ይመጣ ነበር፤ ሁለት ሆነን በተራ እናነብለታለን፤ እርሱ በስልኩ ይቀዳና ለሌሎች ጓደኞቹ ያካፍላል። ክፍሏ አሁን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆናለች፤ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማውጣት ስለሚከለከል የሚነበብበት ቦታ የለም። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የታተሙ ሥራዎች ተደራሽ እንዲሆኑ የሚደነግገው የማራካሽ ስምምነት በ2005 ዓ.ም. ሲፈረም ዓላማው የመጽሐፍ ረሀቡን ማስታገሥ ነበር፤ ኢትዮጵያም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተቀላቅላዋለች። አገር በዓለም ፊት የገባችውን ቃል በሰፈር ደረጃ የሚፈጽሙት እንደ እናንተ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ እኛ ደግሞ የጠየቅነው በነፃ የምናነብበትን ክፍል ቁልፍ እንጂ በጀት አይደለም።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ቅርስን መንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋፅኦ ማድረግ የመንግሥት ኃላፊነት እንደሆነ ይደነግጋል። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የጋራ መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዕድሜም በኑሮ ደረጃም ሳይለይ ለሁሉም እኩል ሊከፈት እንደሚገባ ያስቀምጣል። ልብ ወለድ የሚያነብ ጎልማሳ፣ ግጥም የምታነብ ነርስና የታሪክ መጽሐፍ የሚያሳድድ ጡረተኛ ከዚህ ሁሉም ከሚለው ውጭ አይደሉም፤ የፈተና ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ ከተራ ተገልጋይነት ሊወርዱም አይገባም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን። የውሰት አገልግሎቱ በቀድሞው የዋስና የማስያዣ ሥርዓት ተመልሶ ይጀመር፤ ሥርዓቱ ይጥበቅ ከተባለም አንባብያን ባሉበት ተመክሮበት ይጥበቅ፤ እስከዚያው ማስያዣቸው እንዲመለስላቸው የሚፈልጉ ይመለስላቸው። በዕቃ ቤቱ ያሉት ጆንያዎች ክረምቱ ሳይገባ ወጥተው፣ የአንባብያን ተወካይ ባለበት ከገቢ መዝገቡ ጋር እየተመሳከሩ ይቆጠሩ፤ ውጤቱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ አንድም መጽሐፍ እንዳይወገድ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጥ። የተጎዱትንና እንደገና ያልታተሙትን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለጥበቃ ሲሉ ቅጂ እንዲያዘጋጁ የሚፈቅደው ድንጋጌ በሥራ ላይ ይዋል፤ ለጥረዛውና ለጽዳቱ የክበባችን አባላት በነፃ ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ በመካከላችን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ያለውም አለ። ተፈታኝ ተማሪዎች በምድር ቤቱ አዳራሽ እንዲያጠኑ ተደርጎ የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ለዓይነ ስውራን የሚነበብባት ክፍልም ትከፈት። ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ለግማሽ ቀን አገልግሎት ይሰጥ። የራሱን መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ አንባቢም በር ላይ አስመዝግቦ ይግባ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች እስከ መጪው ወር መጨረሻ ድረስ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ከዚያም በፊት በምትመርጡት ቀን ተወካዮቻችንን ተቀብላችሁ ዕቃ ቤቱን አብራችሁን እንድታዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ አንባብያን ክበብ አስተባባሪ፣ ስለ አባላቱ ሁሉ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን ምክር ቤት
ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች
ለአካባቢው አንባብያን በሙሉ